ያው ኒኮቲን፣ ሌላ ፍጥነት

ይህ ጽሑፍ አዲስ አበባ ውስጥ ለወጣቶችና ለወላጆች ካደረግሁት ንግግር የተዘጋጀ ነው። አነጋገሬን ብዙም አልነካካሁትም። መጨረሻ ላይ ከተነሡት ጥያቄዎችም ጥቂቶቹን ጨምሬያለሁ።

እንደምን ዋላችሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ስለ ኒኮቲን ለመስማት ከቤት መውጣት ቀላል ነገር አይደለም፤ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። እኔ ፋርማሲስት ነኝ። ሰባኪ አይደለሁም፤ ስለዚህ የሚያጨስ ካለ ዘና ብሎ ይቀመጥ።

በእጄ የያዝኩትን ከኋላ ያላችሁት ላታዩት ትችላላችሁ። ትንሽ ፕላስተር ናት። ቁስል ላይ የምንለጥፋትን ትመስላለች። ከጀርባዋ ያለው ስስ ላስቲክ ሲላጥ የሚያጣብቅ ነገር አላት። ክንድ ላይ ትለጠፍና 24 ሰዓት ትቆያለች። በዚያ ጊዜ ውስጥ 21 ሚሊግራም ኒኮቲን በቆዳ በኩል ቀስ እያለች ወደ ደም ታስገባለች።

አሁን ደግሞ አንድ ፓኮ ሲጋራ እንውሰድ። 20 ፍሬ ነው። አንዱ ፍሬ ውስጥ ባለው ትንባሆ 10 ሚሊግራምና ከዚያም በላይ ኒኮቲን አለ። አጫሹ ሰውነት ውስጥ የሚገባው ግን ከ1 እስከ 1.5 ሚሊግራም ገደማ ነው። ሌላው ከጭሱ ጋር ይበናል፣ ከቁራጩም ጋር ይጣላል። በ20 ፍሬ ስናባዛው ከ20 እስከ 30 ሚሊግራም ይመጣል። ስለዚህ ይህች ፕላስተርና አንድ ፓኮ ሲጋራ በቀን የሚሰጡት ኒኮቲን ተቀራራቢ ነው።

ታዲያ ልጠይቃችሁ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት፣ ዝናብ እየዘነበ፣ ፕላስተር ፍለጋ ከቤት የሚወጣ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? መንገድ ላይ የማያውቀውን ሰው አስቁሞ "ወንድሜ፣ ፕላስተር አለህ?" የሚል አጋጥሟችኋል? ለሲጋራ ግን ይህ የየዕለቱ ነገር ነው። ኩሩ የምንለው ሰው እንኳ ሐራራው ሲመጣበት ከማያውቀው ሰው አንድ ፍሬ ይለምናል።

መድኃኒቱ ያው ነው። መጠኑም ያው ነው ማለት ይቻላል። አንዱ ሰውን ይይዛል፤ ሌላው እንዲያውም ከያዘው ለማላቀቅ ይታዘዛል። ልዩነቱ በአብዛኛው ፍጥነት ነው። ዛሬ የምነግራችሁ በዚሁ ዙሪያ ነው፤ እግረ መንገዴን ልብን፣ ሆድን፣ ቡናንም እነካለሁ።

ኒኮቲንን ሰው አልፈጠረውም። የትንባሆ ተክል ሥሩ ውስጥ እየሠራ ወደ ቅጠሉ የሚልከው መርዝ ነው። ቅጠሉን ሊበላ የመጣ ተባይ ነርቩ ተዘባርቆ ይሞታል። ገበሬዎችም ለረጅም ዘመን ለተባይ መከላከያ ሲረጩት ኖረዋል። ስሙ የመጣው ከዣን ኒኮ ነው። ይህ ሰው በፖርቱጋል የፈረንሳይ አምባሳደር ነበር፤ በ1560 አካባቢ ትንባሆን እንደ መድኃኒት ወደ ፓሪስ ላከ። ንጹሑን ኒኮቲን ለይተው ያወጡት ግን ሃይደልበርግ የነበሩት ፖሰልትና ራይማን ናቸው፤ ዘመኑም 1828 ነው። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሌላ ካላልኩ በቀር በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ተባዩን የሚገድለው ነገር እኛ ላይ ምን ያደርጋል? የኛም ነርቮች አሴቲልኮሊን በሚባል ኬሚካል መልእክት ይለዋወጣሉ። ጡንቻ እንዲኮማተር፣ ልብ እንዲፈጥን ወይም እንዲረጋጋ፣ አእምሮ ልብ እንዲል የሚያደርገው አንዱ መልእክተኛ እሱ ነው። ኒኮቲን በቅርጹ አሴቲልኮሊንን ስለሚመስል የነርቩ ተቀባይ ይታለላል። ማንም ሳይልከው መልእክት መጣ ብሎ ያምናል። ከአሴቲልኮሊን የሚለየው ቶሎ ባለመነሣቱ ነው። አሴቲልኮሊንን ሰውነት ወዲያውኑ ያፈርሰዋል። ኒኮቲን ግን ይሰነብታል።

አሁን አንድ ሳብ የተደረገ ጭስ እንከተል።

ጭሱ ሳንባ ይገባል። ሳንባ ውስጥ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች አሉ፤ እያንዳንዱ በቀጭን የደም ሥር ተከቧል። ኒኮቲኑ እዚያ ወደ ደም ይሻገራል። ደሙ ወደ ግራው የልብ ክፍል ይሄዳል፤ ከዚያ ተገፍቶ በቀጥታ ወደ አእምሮ ይወጣል። ሙሉው ጉዞ ከ10 እስከ 20 ሰከንድ ነው። መሐል ላይ ጉበት የለም። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ብንውጠው ኖሮ አብዛኛውን ጉበት አእምሮ ሳይደርስ ያፈርሰው ነበር። ፕላስተሯ ደግሞ ከፍተኛው መጠን ላይ ለመድረስ ሰዓታት ይፈጅባታል። በአንድ በኩል ሰከንድ፣ በሌላ በኩል ሰዓት።

አእምሮ መሐል፣ ከሥር በኩል፣ ዶፓሚን የሚያመነጩ የነርቭ ሴሎች አሉ። ኒኮቲን እነሱን ይቀሰቅሳል። ዶፓሚን "የደስታ ኬሚካል" ነው ሲባል ትሰማላችሁ። ለኔ ይህ ግማሽ እውነት ነው። ዶፓሚን ይበልጡን የሚለው "አሁን ያደረግኸውን ልብ በል፤ ነገም ድገመው" ነው። ትምህርት ነው። ትምህርት ደግሞ ድርጊቱና ውጤቱ ሲቀራረቡ ይጠብቃል። ፕላስተር ለጥፋችሁ ከሦስት ሰዓት በኋላ ትንሽ ዘና ብትሉ፣ አእምሯችሁ ሁለቱን አያገናኛቸውም። ሲጋራ ስባችሁ እስከ አሥራ አምስት ሳትቆጥሩ ዘና ካላችሁ ግን ያገናኛቸዋል፤ እጁን፣ ክብሪቱን፣ ሽታውን፣ የተቀመጣችሁበትን በረንዳ ሳይቀር።

እስቲ ሂሳቡን እንሥራው። አንድ ሲጋራ 10 ጊዜ ያህል ይሳባል። በቀን አንድ ፓኮ ከሆነ 200 ነው። በዓመት 73,000። ይህን ያህል ጊዜ የምትደግሙት ሌላ ምን ነገር አለ? ጸሎትም፣ ምግብም አይደርስበትም።

ስለ ተቀባዮቹ ትንሽ ልጨምር፤ የጠዋቱ ሲጋራ ምሥጢር እዚያ ነው። በ2006 የወጣ አንድ የአሜሪካኖች የአእምሮ ምስል ጥናት እንዳሳየው፣ አንዴ ወይ ሁለቴ መሳብ ብቻ ለሱስ ዋነኛ ከሆኑት ተቀባዮች ግማሹን ይይዛል። ሙሉ ሲጋራ ከሆነ ከ88 በመቶ በላይ ይያዛሉ፤ ለሰዓታትም እንደዚያው ይቆያሉ። የተያዘ ተቀባይ ደግሞ ይደነዝዛል። አእምሮም ዝም አይልም፤ ተቀባይ ይጨምራል። ስለዚህ አጫሽ ሰው ከማያጨሰው የበለጠ ተቀባይ አለው።

ሌሊት ሲተኛ ሲጋራ የለም። ደም ውስጥ ያለው ኒኮቲን በየ2 ሰዓቱ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ሲነጋ እነዚያ የበዙት ተቀባዮች ከድንዛዜያቸው ነቅተው ባዶ ይጠብቃሉ። የጠዋቷ ሲጋራ እንደዚያ የምትጣፍጠው ለዚህ ነው። ካርል ፋገርስትሮም የተባለ ስዊድናዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ የሱስን ክብደት የሚለካ መጠይቅ አለው። እዚያ ውስጥ ብዙ ከሚናገሩት ጥያቄዎች አንዱ "ከእንቅልፍህ ከነቃህ በስንት ደቂቃ የመጀመሪያዋን ታጨሳለህ?" የሚለው ነው። በ5 ደቂቃ ውስጥ ከሆነ ሱሱ ጠንክሯል። እኔም ሰው ሲያማክረኝ በቀን ስንት እንደሚያጨስ ከመጠየቄ በፊት ይህን እጠይቃለሁ።

"ጭንቀቴን ያቀልልኛል" የሚል ሰው ሁልጊዜ ይመጣል። አይዋሽም። በርግጥ ያቀለዋል። ግን የትኛውን ጭንቀት? ካለፈው ሲጋራ ወዲህ ኒኮቲኑ ሲወርድ የመጣውን መቁነጥነጥ፣ መነጫነጭ፣ ሐሳብ አልሰበሰብ ማለት። ይህ የአራጣ አበዳሪ ሥራ ነው። የራሱን ወለድ እንድትከፍለው እንደገና ያበድርሃል፤ አንተም ከችግር አወጣኝ ብለህ ታመሰግነዋለህ። አጥብቀው ያቆሙ ሰዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶችም ይህንኑ ያሳያሉ። ካቆሙ ከጥቂት ወራት በኋላ ጭንቀታቸው ከሚያጨሱበት ጊዜ ያነሰ ነው።

ፍጥነቱ በአጋጣሚ የመጣ እንዳይመስላችሁ። ይህ የታሪኩ ምርጥ ክፍል ነው፤ ሰዓት ብወስድ ታገሡኝ።

ኒኮቲን ቤዝ ወይም አልካሊ፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ የሆነ ነገር ነው። ጭሱ ወደ አልካሊነት ሲያዘነብል ጉሮሮ ያቃጥላል፤ ወደ ሳንባ መሳብ ይከብዳል። ድሮ ፒፓና ሲጋር የሚያጨሱ ሰዎች ጭሱን አፋቸው ውስጥ ይዘው ይተፉት ነበር። ኒኮቲኑ በአፍ ቆዳ በኩል በቀስታ ይገባል። በ1839 አሜሪካ ውስጥ፣ ሰሜን ካሮላይና ካስዌል በሚባል አውራጃ፣ ስቲቨን የሚባል በባርነት ይሠራ የነበረ ወጣት ትንባሆ የሚደርቅበትን እሳት እየጠበቀ እንቅልፍ ጣለው ይባላል። ሲነቃ እሳቱ ሊጠፋ ደርሷል። ደንግጦ ከሰል ጨመረበት። ሙቀቱ ድንገት ሲጨምር ቅጠሉ ደማቅ ቢጫ ሆኖ ወጣ። እንዲህ በሙቀት የደረቀ ቅጠል ውስጥ ስኳር ይቀራል፤ ስለዚህ ጭሱ ወደ አሲድነት ያዘነብላል። ለስለስ ይላል። ወደ ሳንባ መሳብ ይቻላል። በ1881 ደግሞ ጄምስ ቦንሳክ የሲጋራ መጠቅለያ ማሽን ፓተንት አገኘ፤ በ10 ሰዓት 120,000 ፍሬ ይጠቀልላል። ለሳንባ የተመቸ ጭስና ርካሽ ሲጋራ ተገናኙ። ትንባሆ ለሺህ ዘመናት ነበረ። ሚሊዮኖችን መግደል የጀመረው ግን ከዚህ በኋላ ነው።

ኩባንያዎቹ ይህን ያውቁ ነበር። በ1963 የአንድ ትልቅ የአሜሪካ ሲጋራ ኩባንያ የሕግ ኃላፊ በውስጥ ማስታወሻው ላይ ንግዳችን ሱስ የሚያሲዘውን ኒኮቲን መሸጥ ነው ብሎ ጽፏል። ከ31 ዓመት በኋላ፣ ሚያዝያ 1994፣ ሰባት የትላልቅ ሲጋራ ኩባንያ ኃላፊዎች የአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀኝ እጃቸውን አንሥተው ማሉ። ኒኮቲን ሱስ ያሲዛል ብለን አናምንም አሉ። ሰባቱም። ቪዲዮውን ያላያችሁ ፈልጋችሁ እዩት።

ወደ ዛሬ እንምጣ። ቬፕ የምትሉት ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ በዛሬው መልኩ የተሠራው በ2003 ሆን ሊክ በሚባል ቻይናዊ ነው። የሙያ ባልደረባዬ ነው፤ ፋርማሲስት። ራሱም ከባድ አጫሽ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ቬፖች ጉሮሮ ስለሚቆነጥጡ ብዙ ኒኮቲን ሊይዙ አልቻሉም። ከ2015 ጀምሮ ግን አሜሪካ ውስጥ ኒኮቲኑን ከቤንዞይክ አሲድ ጋር አዋሕደው የኒኮቲን ጨው የሚባለውን አመጡ። አሲድ ሲጨመር ለስላሳ ይሆናል፤ የስቲቨንን ቢጫ ቅጠል አስታውሱ። ያው ኬሚስትሪ ነው። ማንጎ ማንጎ እያለ የሚሸት ነገር የሲጋራን ያህል በፍጥነት አእምሮ ይደርሳል፤ ልጁን ሳል እንኳ አያስለውም።

የኛዎቹስ? ሱረት ከከንፈር ሥር ሲያዝ በአፍ ቆዳ በኩል ስለሚገባ ከሲጋራ ይዘገያል። እዚህ ላይ ኬሚስትሪው ይገለበጣል። በአፍ ለመግባት አልካሊ ነው የሚመቸው። ለዚህ ነው ጎረቤት ሱዳን ቱምባክ የሚሉትን የአፍ ትንባሆ አትሮን ከሚባል አልካሊ ጨው ጋር የሚቀላቅሉት። ያንን ያስተማራቸው ኬሚስት የለም፤ በልምድ ደረሱበት። ጋያና ሺሻ ግን ጭስ ናቸው፤ ሳንባ ይገባሉ። ውኃው ጭሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ አያጣራውም። የሺሻው ከሰል ደግሞ የራሱን ካርቦን ሞኖክሳይድ ይጨምራል። "ውኃ ያጥበዋል" የሚለውን ወሬ እባካችሁ ተዉት።

ከአንገት በታች ደግሞ እንውረድ።

ኒኮቲን ከኩላሊት በላይ ያሉትን ዕጢዎች ይነካና አድሬናሊን ያስረጫል። ልብ በደቂቃ ከ10 እስከ 15 ምት ትጨምራለች። የደም ግፊት ከፍ ይላል። የቆዳ ደም ሥሮች ይጠባሉ፤ የብዙ አጫሾች ጣት የሚቀዘቅዘው ለዚህ ነው። ቁስልም ቶሎ አይድንላቸውም። ቀዶ ጥገና ያለበት ሰው ቢያንስ 4 ሳምንት ቀደም ብሎ ቢያቆም ብሎ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ያለ ምክንያት አይደለም። ኢንሱሊንም በአግባቡ አይሠራም፤ ስኳር በሽታ አጫሾች ላይ ይበረታል። በእርግዝና ጊዜ ኒኮቲን የእንግዴ ልጁን አልፎ ጽንሱ ጋ ይደርሳል። በጡት ወተትም ይገኛል። የአጫሽ እናት ልጅ ክብደቱ ቀንሶ የመወለድ ዕድሉ ሰፊ ነው።

ምግብስ? ኒኮቲን ረሃብን የሚቆጣጠረውን የአእምሮ ክፍል ነክቶ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል። ሲያቆሙ ፍላጎቱ ይመለሳል። በመጀመሪያው ዓመት በአማካይ 4 ወይም 5 ኪሎ ይጨመራል። ይህን ደብቀን "ምንም አትሆኑም" ብንል ሰው በሁለተኛው ወር ሱሪው ሲጠበው ይታዘበናል። አንጀትም አለ። "ያለ ሲጋራ ሽንት ቤት አይሄድልኝም" የሚል ሰው ሰምታችሁ ትስቁ ይሆናል። አትሳቁ። ኒኮቲን አንጀትን ያንቀሳቅሳል። ያቆመ ሰው ለሳምንታት ሆድ ድርቀት ሊይዘው ይችላል። ውኃ፣ ጎመን፣ ተልባ።

ካንሰሩን ያላነሣሁት ረስቼ አይደለም። ካንሰር የሚያመጣው በዋናነት ጭሱ ነው። ጭሱ ውስጥ ከ7,000 በላይ ኬሚካሎች አሉ፤ 70 ያህሉ ካንሰር አምጪ መሆናቸው ታውቋል። ማይክል ራስል የሚባል እንግሊዝ ሀገር ይሠራ የነበረ ሐኪም በ1976 ሰው የሚያጨሰው ለኒኮቲኑ ነው፣ የሚሞተው ግን በታሩ፣ ማለትም ጭሱ ውስጥ ባለው ዝፍት መሰል ነገር ነው ብሎ ጽፏል። ኒኮቲን ሰውየውን በየቀኑ ወደ ጭሱ ይመልሰዋል። ገዳዩ ጭሱ ነው።

አሁን ቡና። ለኛ ሀገር ሰው ይህ ከሁሉም የሚጠቅም ይመስለኛል፤ የሚያወራው ግን ጥቂት ነው።

ካፌይንን ጉበት ውስጥ የሚያፈርስ አንድ ኢንዛይም አለ፤ ሲዋይፒ1ኤ2 ይባላል። የሲጋራ ጭስ ይህ ኢንዛይም እንዲበዛ ያደርጋል። ይህን የሚያደርገው ጭሱ ነው፤ ኒኮቲን አይደለም። ስለዚህ አጫሽ ሰው ካፌይንን ከሌላው ሰው ሁለት እጥፍ ገደማ በሚሆን ፍጥነት ያስወግዳል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጠጥቶ ማታ እንቅልፍ ይወስደዋል። ሲጋራ ሲያቆም ኢንዛይሙ በቀናት ውስጥ ይቀንሳል። ቡናው ግን ያው ሦስት ስኒ ነው። ደሙ ውስጥ ያለው ካፌይን እጥፍ ይሆናል። እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ልቡ ይመታል፤ እንቅልፍ እምቢ ይላል። "ሲጋራ ማቆም ገደለኝ" ይላል። ግማሹ ጥፋት የበረካው ነው። ስለዚህ የምታቆሙበት ቀን ቡናውንም በግማሽ ቀንሱ። ለአእምሮ ሕመም ክሎዛፒን ወይም ኦላንዛፒን የሚወስድ ዘመድ ያላችሁ ደግሞ ማጨስ ከማቆሙ በፊት ለሐኪሙ ይንገር። እነዚህንም መድኃኒቶች ያው ኢንዛይም ነው የሚያፈርሳቸው፤ መጠናቸው መስተካከል ይኖርበታል።

ስለ ልማዱ አንድ ነገር ልበል። የቡናው ሽታ፣ የቢራው ብርጭቆ፣ ጫት ላይ ምርቃናው ሲመጣ፣ ታክሲ ሰልፍ፣ ከምሳ በኋላ። ከነዚህ ጋር የተሳሰረው ሐራራ ኒኮቲኑ ከወጣ በኋላም ይቀራል። ሱቅ በደረቴ የያዘው ልጅ ደግሞ ማስቲካና ሶፍት መሐል ክፍት ፓኮ አለው፤ አንድ ፍሬ ይሸጥልሃል፣ ላይተሩንም ያውሰሃል። ፓኮ አልገዛም ብሎ ለማለ ሰው ይህ አደገኛ ነው። በ2007 የታተመ አንድ ጥናት እንደ ስትሮክ ባለ ሕመም አእምሯቸው የተጎዳ አጫሾችን ተመልክቶ ነበር። ኢንሱላ የሚባለው የአእምሮ ክፍል የተጎዳባቸው ብዙዎቹ ያለ ትግል አቆሙ። አንዱ ሰውነቱ ማጨስ የሚለውን ፍላጎት እንደረሳው ተናግሯል። ሐራራ የባሕርይ ድክመት ነው ለምትሉ ይህን አስቡት፤ አእምሮ ውስጥ አድራሻ አለው።

ለማቆም ምን አለ? ፕላስተር፣ የኒኮቲን ማስቲካ፣ ቫሬኒክሊን የሚባል ኪኒን። ፕላስተሩና ማስቲካው የመሳካት ዕድልን ከ50 እስከ 60 በመቶ ያሳድጋሉ። ፕላስተሩ ሐራራውን ያለዝባል፣ ያንን የ10 ሰከንድ ትምህርት ግን አይሰጥም፤ ለዚህ ነው የሚያላቅቀው። የዓለም ጤና ድርጅት የኒኮቲን ምትኮችን በ2009፣ ቫሬኒክሊንን በ2021 በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ አስገብቷል። በኛ ፋርማሲዎች ግን እንደ ልብ አይገኙም። ይህ እኔን ያናድደኛል። ሲጋራው በየሱቁ ደጃፍ ሞልቷል፤ ማቆሚያውን ፍለጋ ውጭ ሀገር ዘመድ ጋ ይደወላል።

የገበያውንም ነገር ላንሣ። በ2016 በተደረገ ሀገር አቀፍ ጥናት ኢትዮጵያ ውስጥ ትንባሆ የሚጠቀሙ አዋቂዎች ከ100 ሰው 5 ያህል ነበሩ። ትንሽ ነው። በዚያው ዓመት የጃፓኑ ትንባሆ ኩባንያ የብሔራዊ ትንባሆ ድርጅትን 40 በመቶ ድርሻ በ510 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። በቀጣዩ ዓመት ድርሻውን ከ70 በመቶ በላይ አደረሰው። ለአምስት ሰው ይህን ያህል ገንዘብ አይወጣም። እኔ እንደሚገባኝ የታየው ቀሪው 95 ነው፤ በተለይም ወጣቱ። በኛ አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. የወጣው 1112 ቁጥር አዋጅ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ትንባሆ መሸጥ ከልክሏል። ሺሻንና ኤሌክትሮኒክ ሲጋራንም አግዷል። ሕጉ ጥሩ ነው። ቦሌ አካባቢ ማታ ለወጣ ሰው ግን ከወረቀት መውረዱ ያጠራጥራል።

ከዚህ በኋላ ጥያቄ ተጠየቀ።

አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ "ፈተና ሰሞን ሳጨስ ትኩረቴ ይጨምራል፤ ይሄ ውሸት ነው?" አለ። ውሸት አይደለም ወንድሜ። ኒኮቲን ለአጭር ጊዜ ትኩረትን በትንሹ እንደሚጨምር በሙከራ ታይቷል። በየቀኑ የሚያጨስ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው የጎደለበትን ነው። ፈተና ክፍል ሁለት ሰዓት ተኩል ስትቀመጥ ደግሞ ያ ጉድለት እዚያው መሐል ይመጣብሃል፤ ወጥተህ ልታጨስ አትችልም። ዕድሜህም አለ። ውሳኔ የሚመዝነው የፊተኛው የአእምሮ ክፍል እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ገና እየተሠራ ነው። በዚያ ዕድሜ ኒኮቲን በትንሽ መጠንም ቶሎ ይይዛል።

አንድ አባት ተነሥተው "ልጄ፣ እኔ ሱረት ነው የምይዝ። ጭስ የለውም፣ ቀስ ይላል ካልክ ምን አለበት?" አሉ። አባቴ፣ ሳንባዎን በተመለከተ ልክ ብለዋል። ከሲጋራ ይዘገያል ማለት ግን አይይዝም ማለት አይደለም። ከፍጥነት ሌላ መጠንና ድግግሞሽም አለ፤ ቀኑን ሙሉ ከከንፈር ሥር ካልጠፋ ሱስ ይሆናል። በባህላዊ መንገድ የሚዘጋጅ የአፍ ትንባሆ የአፍ ካንሰር ያመጣል፤ የሱዳኑ ቱምባክ በዚህ ይታወቃል። ከንፈርዎ ሥር ነጭ ወይም የሻከረ ቦታ ካለ ለጥርስ ሐኪም ያሳዩ። ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነም ሱረቱን ለሐኪምዎ አይደብቁ።

አንዲት እናት ልጃቸው ከዱባይ የመጣ ቬፕ እንደያዘ ነገሩን። "ኒኮቲን የለውም ይለኛል።" እሙዬ፣ ማሸጊያውን ያምጡት። በመቶኛ ወይም በሚሊግራም የተጻፈ፣ ከዜሮ በላይ የሆነ የኒኮቲን ቁጥር ካለ ኒኮቲን አለው። 5 በመቶ የሚል ካዩ ቀላል አይደለም፤ በአንድ ሚሊሊትር 50 ሚሊግራም አካባቢ ማለት ነው። ቤት ውስጥ ሕፃን ካለ ፈሳሹን ከእጁ ያርቁ። ጥቂት ጠብታ ሕፃንን ለአደጋ ያደርሳል። ልጅዎን ደግሞ ከመቆጣትዎ በፊት ያቺን የጠዋት ጥያቄ ይጠይቁት።

የመጨረሻዋ ጠያቂ ሣቅ አስነሣች። "ባለቤቴ ካቆመ አምስተኛ ቀኑ ነው። ቤት ውስጥ መኖር አልተቻለም። መቼ ነው የሚያልፈው?"

እህቴ፣ የባሰው ያለፈ ይመስለኛል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ቀን ነው የሚከፋው። መነጫነጩ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ እየሳሳ ይሄዳል። የበዙት ተቀባዮች ወደማያጨስ ሰው ቁጥር ለመመለስ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይወስዳሉ። ድንገት የሚመጣበት ሐራራ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ያልፋል፤ በዚያች ሰዓት ውኃ ስጪው ወይም ሱቅ ላኪው። ሱቅ ስትልኪው ግን ሳንቲም ቆጥረሽ ስጪው። ቡናው ደግሞ ከአቦል አይለፍ።